ስነሳ ዓይኔ ለምን ይጨልማል?

ጥያቄ፦ ጠዋት ከአልጋ ብድግ ስል ዓይኔ ይጨልምብኛል፤ ግድግዳ ይዤ ጥቂት ስቆይ ይለቀኛል። ሰው ሁሉ «ደም ማነስ ነው» ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ደም ማነስ ሊያባብሰው ይችላል። እርስዎ የገለጹት ግን ደም ሳያንስም ይመጣል። ከተኙበት ሲነሱ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ደም መላሽ ሥሮች ይወርዳል። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚቀንስ ልብ በአንድ ምት የሚረጨውም ይቀንሳል፤ የደም ግፊቱ ይወርዳል። በአንገት ደም ቅዳዎችና ከልብ በሚወጣው ዋናው ደም ቅዳ ላይ የግፊትን ለውጥ የሚከታተሉ የነርቭ ጫፎች አሉ። እነሱ የሥሩ ግድግዳ መላላቱን ለአንጎል ግንድ ይነግራሉ፤ ከዚያም ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠባሉ። በጤነኛ ሰው ይህ ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይስተካከላል። ዓይንዎ የሚጨልመው በዚያች መሀል ነው።

ዓይን ለምን ይቀድማል? የዓይን ኳስ የራሱ የውስጥ ግፊት አለው፤ ደም ወደ ሬቲና (ከዓይን ኳስ ኋላ ብርሃን ወደሚቀበለው ስስ ሽፋን) ለመግባት ያንን ማሸነፍ አለበት። ስለዚህ ግፊት ሲወርድ ራስን ከመሳት በፊት ብርሃን ይጠፋል።

ግምቱን ትተው ይለኩት። 5 ደቂቃ በጀርባዎ ተኝተው ግፊትዎንና የልብ ምትዎን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የልብ ምቱን አብሮ መጻፍ ብዙዎች ይዘነጉታል፤ ትልቁ ፍንጭ ግን እሱ ነው። ግፊቱ ወርዶ ምቱ በጣም ከፈጠነ የፈሳሽ ወይም የደም መጉደል ይጠረጠራል፦ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ የውስጥ መድማት። ግፊቱ ወርዶ ምቱ እምብዛም ካልጨመረ ደግሞ ነርቮቹ ትእዛዙን እያደረሱ ላይሆን ይችላል፤ ለረጅም ጊዜ የቆየ የስኳር በሽታ አንዱ ምክንያት ነው። ምትን የሚያዘገዩ የልብ መድኃኒቶችም ይህን መልክ ስለሚሰጡ የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ።

እስከዚያው አልጋ ጫፍ ላይ 1 ወይም 2 ደቂቃ ይቀመጡ። ሳይነሱ ቁርጭምጭሚትዎን ደጋግመው ያጥፉ፣ ይዘርጉ፤ የባት ጡንቻ ሲኮማተር ደሙን ወደ ላይ ይገፋል፣ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ከፈፎችም (ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ትንንሽ በሮች) ተመልሶ እንዳይወርድ ያግዱታል። ቆመው ከጀመረዎ እግርዎን አጣምረው የታፋዎን ጡንቻ ያጠንክሩ፤ ካልተሻለዎ ወዲያው ይቀመጡ። ሌሊቱን ፈሳሽ ሳይጠጡ ስላደሩ ጠዋት ውሃ መጠጣት ይረዳል፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስንለት። ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እኔም እንዲሁ ነኝ፤ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ላቋርጠው?

መልስ፦ በራስዎ አያቋርጡ። በድንገት ሲተዉ ግፊትን አሽቅበው የሚያስወጡ መድኃኒቶች አሉ። ተኝተውና ቆመው የለኩትን የጥቂት ቀናት ቁጥር ከነሰዓቱ ጽፈው ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ ብዙ ጊዜ መጠኑን ወይም የሚወሰድበትን ሰዓት መቀየር ይበቃል።