«እና» ተብሎ «ኦር» የሚጻፍበት ፈተና

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ድርጅት በጀማሪ ፕሮግራመርነት ተፈተንኩ። ጥያቄው «ከፒያሳ እና ከአራት ኪሎ ተነስተው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ለሚሳፈሩ ቅናሽ የሚሰጥ ኮድ ጻፉ» ይላል። በፓይተን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ሁሉንም በኤንድ (and፣ «እና») አያይዤ ጻፍኩና ወደቅኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ፈተና አለኝ፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ የጣለሽ ፓይተን ሳይሆን አማርኛው ነው። «ከፒያሳ እና ከአራት ኪሎ የሚነሱ» ስንል ብዙ ሰው በአንድ ላይ እየጠራን ነው። ኮዱ ግን ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ነው የሚጠይቀው፤ አንድ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሁለት ቦታ አይነሳም። በኤንድ ስታያይዢው ሁኔታው ሁሌም ሐሰት ይሆናል፤ ቅናሽ የሚያገኝ ሰው ይጠፋል። እዚህ የሚገባው ኦር (or፣ «ወይም») ነው።

ኦርም ወጥመድ አለው (== ማለት «እኩል ነው» ማለት ነው)። መነሻ == «ፒያሳ» ኦር «አራት ኪሎ» ብለሽ ካሳጠርሽው ከሜክሲኮ የተነሳውም ቅናሽ ያገኛል፤ ፓይተን ባዶ ያልሆነ ጽሑፍን እንደ እውነት ይቆጥራልና። «መነሻ ==» የሚለውን ደግመሽ ጻፊ። ቅንፉንም አትርሺ፦ ኤንድ ከኦር ቀድሞ ስለሚሰላ፣ ያለ ቅንፍ ሰዓቱ የሚገድበው የአራት ኪሎውን ሰው ብቻ ነው። የፒያሳው ቀኑን ሙሉ በቅናሽ ይሄዳል። ትክክለኛው ይህ ነው፦

(መነሻ == «ፒያሳ» ኦር መነሻ == «አራት ኪሎ») ኤንድ ሰዓት < 9

(9 ያልነው የኮምፒውተሩ ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር በ6 ስለሚለይ ነው።)

ፈታኞች ጥያቄውን መገልበጥ ይወዳሉ፦ «ከፒያሳም ከአራት ኪሎም ላልተነሱ»። አሁን ተራው የኤንድ ነው። ሁለቱን != («እኩል አይደለም») በኦር ካያያዝሻቸው ሁሉም ያልፋል፤ ከፒያሳ የተነሳ ሰው ከአራት ኪሎ አልተነሳማ! የሌሊት ታሪፍ ከመጣ ደግሞ፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ማለት ሰዓት >= 21 ኦር ሰዓት < 5 ነው። በኤንድ ከጻፍሽው ከ21 በላይም ከ5 በታችም የሆነ ሰዓት የለም።

በፈተናው ዕለት ኮዱን ከመንካትሽ በፊት ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አስምሪ፦ 3 መነሻ (ሜክሲኮን ጨምረሽ) እና 3 የተለያዩ ሰዓቶች (በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 8፣ 9፣ 10)፣ በድምሩ 9 ረድፍ። ቅናሽ የሚገባቸው 2 ብቻ ናቸው። ልክ በ9 የተሳፈረው አያገኝም፤ < እና <= የሚለዩት እዚያ ነው። ሰንጠረዡን ፈታኙ እየሰማሽ ሙይው። ከዚያም «ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተሳፈረስ?» ብለሽ ጠይቂው፤ በኮምፒውተሩ 2 ስለሆነ ከላይ ያለው ኮድ እሱንም ያስገባዋል።