«አይሰራም» ብሎ ከመላክ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ፕሮግራመሮች በሚጠያየቁባቸውና ኮድ በሚለዋወጡባቸው የኢንተርኔት መድረኮች ከሚሳተፉና መድረኮቹን ከሚያስተዳድሩ አንባቢያን ነው። ጉድለት ሲያገኙ ወይም አዲስ ፊቸር ሲፈልጉ እንዴት እንደሚጠይቁ፣ ጥያቄው የደረሰውስ ወገን ምን ማድረግ እንዳለበት ጽፈውልናል።

ጥያቄ፦ በመድረካችን ላይ ረጅም መልስ ጽፌ «ላክ» የሚለውን ስጫን የጻፍኩት ሁሉ ይጠፋል። ሦስት ጊዜ «አይሰራም፣ አስተካክሉልን» ብዬ ጻፍኩላቸው። ምላሽ የሰጠኝ የለም። ምን ላድርግ? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መልእክትዎ የደረሰው ሰው ወዲያው በራሱ ኮምፒውተር ይሞክረዋል፤ እሱ ዘንድ ይሰራል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው ፍንጭ ስለሌለው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስለዚህ ችግሩን እሱም በዓይኑ እንዲያየው የሚያደርግ ነገር ይላኩለት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ስልኬ አንድሮይድ 13 ነው፤ ብራውዘሩ ክሮም። አንድ ጥያቄ ከፍቼ መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ጽፌ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። ‹ላክ› ስል የመግቢያ ገጹ መጣ። ገብቼ ስመለስ ሳጥኑ ባዶ ነው። ጽሑፌ ተቀምጦ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። አጭር መልስ በ5 ደቂቃ ጽፌ ስልከው ግን ያለ ችግር ይሄዳል።»

ከሁሉ የምትበልጠው የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። ቶሎ ሲላክ የሚሄድ፣ ሲዘገይ የሚጠፋ ከሆነ የመግቢያ ጊዜው እያለፈበት (መድረኩ ከጊዜ በኋላ ተጠቃሚውን እያስወጣው) መሆኑን ፕሮግራመሩ ይጠረጥራል። መፍትሔውም ረቂቁን በየጥቂት ሰከንዱ ብራውዘሩ ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። «መቼ ይሰራል፣ መቼ አይሰራም» የሚለውን ሞክሮ መላክ ጠባቂውን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን የሚንከባከበውን ሰው፣ ከብዙ ፍለጋ ያድነዋል።

የኤረር መልእክት ካለ በስክሪንሾት ሳይሆን በጽሑፍ ገልብጠው ይለጥፉ፤ ምስል ውስጥ ያለ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ተገልብጦም አይሞከርም። ሲለጥፉ የይለፍ ቃልና የኤፒአይ ቁልፍ (አንድ ፕሮግራም ሌላውን ለመጠቀም የሚያሳየው ምስጢራዊ ኮድ) አብሮ እንዳይሄድ ይመልከቱ። በአንድ መልእክት አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፉ። ሁለት ከሆኑ አንዱ ሲፈታ መልእክቱ ይዘጋና ሌላው ተረስቶ ይቀራል።

ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ብዙ የክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ጠባቂዎች ኮድ ለሚቀመጥበትና ለሚጋራበት ድረ ገጽ ለጊትሃብ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ካቀረቧቸው ቅሬታዎች አንዱ የሚመጡላቸው ሪፖርቶች ቨርዥንም ሆነ ችግሩ የሚደገምበትን መንገድ አለመያዛቸው ነው። ሌላው ደግሞ «እኔም» ከማለት ሌላ ምንም የማይጨምሩ አስተያየቶች ውይይቱን ማጥለቅለቃቸው ነበር። ጊትሃብ በየካቲት የሪፖርት ቅጽ አዘጋጅቶ የሚያስቀምጡበትን ፊቸር፣ በመጋቢት ደግሞ በአውራ ጣት ምልክት ድጋፍ የሚሰጥበትን አወጣ። ደብዳቤው ፍሬ ያፈራው የቀን ተቀን ችግሩን ነጥብ በነጥብ ስላስቀመጠ ይመስለናል። እናም መድረክዎ ቅጽ ካለው ቅጹን ሳያጎድሉ ይሙሉት።

ጥያቄ፦ የአማርኛ የፕሮግራሚንግ መድረክ እናስተዳድራለን። አባላት «ፍለጋው ያለውን ጽሑፍ የለም ይላል» እያሉ ደጋግመው ይጽፋሉ። ዳታቤዙ (ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ሶፍትዌር) ፖስትግረስ ነው። ጽሑፉ መኖሩን አረጋግጠናል። (አስተዳዳሪዎች፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አባሎቻችሁ ልክ ናቸው። በፕሮግራሚንግ መድረክ ላይ ዘወትር ከሚፈለጉት ቃላት አንዱን ይውሰዱ፦ ስህተት። አንዱ «ስህተት» ይላል፣ ሌላው «ስሕተት»፣ ሌላው «ሥህተት»። ስ ሁለት ዓይነት፣ ህ ሦስት ዓይነት ስላላቸው ይህ አንድ ቃል በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ለእኛ ሲነበብ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ህ 4613፣ ሕ 4629፣ ኅ ደግሞ 4741 ቁጥር ያላቸው፣ የማይገናኙ ሦስት ፊደሎች ናቸው። ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲያስገባ እያንዳንዱን ለየብቻ ነው የመዘገበው፤ ያም ትክክል ነው፣ በግእዝ ልዩነት አላቸውና። በዩኒኮድ የተዘጋጁት የማስተካከያ ዘዴዎች እነዚህን አያዋህዱም። ሥራው የእናንተ ነው።

የመለወጫ ሰንጠረዥ አዘጋጁ። የሐ እና የኀ ዘር ወደ ሀ፣ የሠ ወደ ሰ፣ የዐ ወደ አ፣ የፀ ወደ ጸ ይሄዳሉ። አምስቱ ዘሮች ሰባት ሰባት ሆነው 35 ናቸው። ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ሲጨመሩ 37፤ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ሲገቡ 40 ይሞላል። ሓ እና ኃ በአንድ ጊዜ ወደ ሀ፣ ዓም ወደ አ መድረስ አለባቸው፤ ሓን ወደ ሃ ለውጦ የሚቆም ሰንጠረዥ «ሓሳብ» እና «ሀሳብ»ን አያገናኝም። የኸን ዘር ማዋሃድ በእናንተ ውሳኔ ነው፤ እኛ ብናደርገው ይሻላል እንላለን፣ «ኹሉ» እና «ሁሉ» ሁለቱም ይጻፋሉና። ፖስትግረስ ውስጥ ትራንስሌት የሚባለው ፈንክሽን ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ይሠራል።

እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ይሳሳታሉ። አንደኛው ኢንዴክሱን (ፍለጋው የሚያይበትን የቃላት ማውጫ) ብቻ ለውጦ የፈላጊውን ቃል እንዳለ መተው ነው። ያኔ «ስሕተት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ከበፊቱ የባሰ ምንም አያገኝም። ሁለቱም በአንድ ወንፊት ማለፍ አለባቸው። ሁለተኛው የከፋ ነው፦ የተጻፈውን ጽሑፍ ራሱን መለወጥ። የሰው ስም ይበላሻል፣ ኮድ ውስጥ ያለ ጽሑፍም ይቀየራል፤ ያንን ኮድ ገልብጦ የሚያስኬድ ሰው ሌላ ውጤት ያገኛል። ለፍለጋ የሚሆነውን ቅጂ በተለየ ዓምድ አስቀምጡ፤ ዋናው እንደተጻፈ ይቆይ።

ቀጥሎ የሚመጣባችሁ ቅጥያ ነው። «ዳታቤዝ» የሚል ፈላጊ «በዳታቤዝ»ን አያገኝም። የመጀመሪያዋን በ፣ የ፣ ለ ወይም ከ ዝም ብሎ መቁረጥ ግን «ከተማ»ን «ተማ»፣ «በቅሎ»ን «ቅሎ» ያደርጋል። ቁረጡ፤ ግን የቀረው ለብቻው ኢንዴክሱ ውስጥ በቃልነት ካለ ብቻ። ፖስትግረስና ኢላስቲክሰርች የተባለው የፍለጋ ሶፍትዌር ለአማርኛ የተሰናዳ ተንታኝ (ቃላትን ለፍለጋ የሚያዘጋጅ ክፍል) አብሯቸው ስለማይመጣ «ሲምፕል» በሚባለው ጀምሩ። ቃልን ሦስት ሦስት ፊደል እየከፈለ የሚያመሳስለውን የፖስትግረስ ተጨማሪ ከተጠቀማችሁ የዳታቤዙን ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) አስቀድማችሁ እዩ፦ «ሲ» ከሆነ የአማርኛውን ፊደል እንደ ፊደል አይቆጥረውም፣ ፍለጋውም ባዶ ይመለሳል። ሥራው ሲያልቅ ስድስቱንም የ«ስህተት» አጻጻፎች ፈልጉ፤ ስድስቱም እኩል ውጤት ካላመጡ ሰንጠረዡ ላይ የቀረ ፊደል አለ።

አማርኛ የማያነብ ጠባቂ ያለው ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነም እነዚሁን ስድስት ቃላት ከነቁጥራቸው ላኩለት። ፊደሉን ባያውቅም ቁጥሩን አይቶ መሞከሪያ ይጽፍበታል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ርዕስ ስጽፍ አንዴ «በጣም አጭር ነው» ይለኛል፤ ሌላ ጊዜ መጨረሻው ተቆርጦ በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ይታያል። እንዴት አድርጌ ላመልክት? (ፕሮግራመር፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ ለየብቻ ያመልክቱ።

ማጠሩ የሚመጣው ገደቡ በእንግሊዝኛ ስለተለካ ነው። «ኮዱ ለምን ይቆማል?» ክፍት ቦታውንና የጥያቄ ምልክቱን ጨምሮ 12 ምልክት ነው፤ ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ 23 ይሆናል። የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው እንደሚያደርገው ቢያንስ 15 የሚጠይቅ መድረክ የአማርኛውን ሙሉ ጥያቄ ይመልሰዋል። ገደቡ በየቋንቋው እንዲለይ ይጠይቁ፤ ለአማርኛ 8 ይበቃል ባይ ነን።

መቆረጡ ደግሞ ፊደል ሳይሆን ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ስለሚቆጠር ነው። የዩኒኮድ ቁጥሮች በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ 8 አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም ለዓለም» 7 ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ 22 ባይት ይሆናል። ገደቡ 20 ባይት ቢሆን መጨረሻው ላይ ያለችው ም ከአንድ ባይቷ በኋላ ትሰነጠቃለች፤ አልማዙ ያ ስብርባሪ ነው። በፒኤችፒ ቋንቋ ስትርለን የሚባለው ፈንክሽን ባይት ይቆጥራል፣ ፊደል የሚቆጥረው ኤምቢ ስትርለን ነው። ጎ በሚባለው ቋንቋም ሌን የሚቆጥረው ባይት ነው። ይህችን የ22 ባይት ምሳሌ ሪፖርትዎ ውስጥ ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ለዳርክ ሞድ (ለጥቁር ገጽታ) 40 ሰው ድምፅ ሰጠ። ሦስት አባላት ደግሞ ስክሪን ሪደር (የስክሪኑን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር) ስለሚጠቀሙ «ላክ» የሚለውን በተን ማግኘት እንዳልቻሉ ጻፉ። ብዙኃኑን ማስቀደም የለብንም? (የመድረክ አስተዳዳሪ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ የለባችሁም። አርባዎቹ ዛሬም እየጻፉ ነው፤ ሦስቱ ግን ጨርሶ መጻፍ አልቻሉም። ተቸግረው ሳይጽፉ የሄዱት ደግሞ ድምፅ የሚሰጡበት ቦታ እንኳ አልደረሱም። ድምፅ ፍላጎትን ያሳያል እንጂ በሩ የተዘጋበትን ሰው አይቆጥርም።

ማውዙን ወደ ጎን አድርጋችሁ በታብ ቁልፍ ብቻ እስከ «ላክ» ለመድረስ ሞክሩ። ካልደረሳችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በተኑ የተሠራው በእውነተኛው የበተን ኤለመንት ሳይሆን በዲቭ (በተራ የገጽ ሳጥን) በመሆኑ ነው። ዲቭ በታብ አይያዝም፣ ስክሪን ሪደሩም በተን መሆኑን አይናገርም። ኤለመንቱን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዳርክ ሞድ ግን የኮዱን ቀለሞች፣ ምስሎችንና የኤረር ምልክቶችን ሁሉ እንደገና ማየት ይጠይቃል፤ በኋላ የሚመጣ እያንዳንዱ ገጽም ሁለት ጊዜ ይፈተሻል።

ለአርባዎቹም ዝም አትበሉ። ጥያቄው ላይ «በዕቅድ ላይ»፣ «ተጠናቋል» ወይም «አንሠራውም» የሚል ምልክት አድርጉ፤ «አንሠራውም» ካላችሁ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጻፉ። እንቢታውን ብዙ ሰው ይቀበላል፤ ዓመት ሙሉ ዝም መባልን ግን ማንም አይወድም።

ጥያቄ፦ የቀጥታ ውይይት «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ብለን ስናስታውቅ ግማሹ አባል ያመልጠዋል። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ ፊቸር ይጨመር ወይ? (አባል፣ ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ይጨመር፤ ግን ለእያንዳንዱ አባል ምርጫ ሆኖ። ዳታቤዙ ውስጥ ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቀመጥ። ከምሽቱ 2 ሰዓት በዩቲሲ 17:00 ነው፤ ዋሽንግተን በክረምታቸው እኩለ ቀን፣ በበጋቸው ከሰዓት 1:00 ይሆናል፣ ኢትዮጵያ ሰዓቷን አትቀይርምና።

ቀኑን በራሳችሁ ስሌት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየቀነሳችሁ አታውጡ፤ ጳጉሜ ላይ ይሳሳታል። የጃቫስክሪፕት ቋንቋ ቀንና ሰዓትን በየአገሩ ልማድ የሚያሳይበት መሣሪያ ኢንትል የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል። ስድስት ሰዓት መቀነሱን ግን እሱ ስለማያደርግላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ኢንትል ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለሚጀመር ዝግጅት «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ በቃል ጭምር ጻፉበት።