የቮልስ መሪ ከፎገራ ሜዳ ላይ ሲቅበዘበዝ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1968 ስሪት ቮልስ አለኝ። ስገዛው ፊቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለገጠር መንገድ ብዬ ኋላውን 5 ሳንቲ ሜትር አስነሳሁት። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስሄድ ከ70 በላይ ከነዳሁ መሪው ይቀልላል፣ ነፋስ ሲነካው ይስታል፣ ታጥፌ ስለቀው አይመለስም። አላይመንት ሦስት ጊዜ ቢሠራም ለውጥ የለም።

መልስ፦ አላይመንት ቤት የሚያስተካክሉልዎ ቶውን (የፊት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዩበትን መጠን) ነው፤ የጎደለው ግን ካስተር (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) ነው። መሪን ወደ መሐል የሚመልሰው እሱ ነው። የቮልስ የፊት ክንዶች እኩልና ትይዩ ስለሆኑ ጎማው ቢወጣ ቢወርድ ካስተሩ ከሻንሲው አንጻር አይለወጥም። መኪናው በሙሉ ወደ ፊት ሲደፋ ግን አብሮ ይጠፋል። የእርስዎ የከፍታ ልዩነት 80 ሚሊ ሜትር፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 2400 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ 1.9 ዲግሪ ይሆናል። ፋብሪካው የሚሰጠው ወደ 3 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ (60 ደቂቃ 1 ዲግሪ ነው) ስለሆነ ከግማሽ በላዩ ሄዷል ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የጎማውን ነፋስ ይዩ። ጎሚስታው አራቱንም 30 ሞልቶት ከሆነ ያ ብቻውን ያቅበዘብዛል፤ የቮልስ ክብደት ከኋላ ነው። ለራዲያል ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ይበቃል። ቦል ጆይንቶቹንና (ክብ ራስ ያላቸውን የፊት ጎማ መጋጠሚያዎች) የመሪ ቴስቲናዎቹንም (የመሪ ዘንጎቹን ጫፍ መጋጠሚያዎች) በእጅ ነቅንቀው ይፈትሹ፤ የላላ ነገር እያለ ማዕዘን ማስተካከል ድካም ብቻ ነው።

ኋላውን መልሶ ማውረድ ከተቻለ እመርጠዋለሁ። ካልሆነ በፊት አክሱና በሻንሲው መካከል ሽብልቅ (ማዕዘን የሚያስተካክል ብረት) ይግባ። በእርስዎ ሞዴል የፊት አክሱ ሁለት ቱቦዎች በ150 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ ከታችኛው ቱቦ ጀርባ 5 ሚሊ ሜትር ቢገባ ያው 1.9 ዲግሪ ይመለሳል። ከ6 በላይ አይሂዱ።

ክሪኩን ከአክሱ ሥር ሳይሆን ከሻንሲው ሥር ያቁሙ፤ የሚፈቱት አክሱን ነውና። አክሱ የሚታሰርበትን የሻንሲ ራስ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉ። ሐይቅ ዳር ጭቃ ተጠራቅሞ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይም ከተበሳ መጀመሪያ ብየዳው ይሠራ፣ ሽብልቁ ይቆይ።

ከዚያ ላይኛዎቹን ሁለት ብሎኖችና አክሱን ከቦዲ ጋር የሚይዙትን ሁለቱን ላላ ያድርጉ፤ ታችኛዎቹን ሁለቱን አውጥተው የብረት ሽብልቁን ያስገቡ። ሮንዴላ መደራረብ አይሆንም፤ ጫናው በጠባብ ቦታ ስለሚያርፍ ላሜራውን ይሰነጥቀዋል። ታችኛዎቹ ብሎኖች በ5 ሚሊ ሜትር የረዘሙ ይሁኑ፤ የድሮዎቹ ጥርስ በቂ አይይዝም። አራቱንም በ50 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎችና የመሪው ዘንግ የጎማ መጋጠሚያ እንዳልተወጠሩ ይመልከቱ።

ሽብልቁ መሥራቱን ለማወቅ ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ቱቦዎች ፊት ላይ አስደግፈው ማዕዘኑን በስልክ ውሃ ልክ ከሥራው በፊትና በኋላ ይለኩ፤ መኪናው በጎማው ቆሞ ልዩነቱ ወደ 2 ዲግሪ መሆን አለበት። አላይመንት ቤት የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው፦ ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ያለው ዝንባሌ) 30 ደቂቃ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ላዩ ወደ ውጭ፣ ይህም በላይኛው ቦል ጆይንት ኤክሰንትሪክ (ቀዳዳው ከመሐል የወጣ ማስተካከያ ቡሽ) ይስተካከላል፤ ቶ ደግሞ ወደ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር። ወረታ ደርሰው ሲመለሱ ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ።