ያበደርኩትን መጠየቅ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አብሮ አደጌ ሱቅ ሊከፍት ሲል 40,000 ብር አበደርኩት። ወረቀት አልተጻጻፍንም። ሱቁ አሁን ይሠራል፤ እሱ ግን ስልኬን አያነሳም። ልጁ ሙስሊም ነው። ገንዘቤን ብጠይቅ ኃጢአት ይሆንብኛል? ቂም ይዤስ እንዴት እቆርባለሁ? በ19 ሄጄ ለገብርኤል ልክሰሰው ብዬም አስቤያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ታቦት ዕዳ ሰብሳቢ አይደለም። «ለገብርኤል ከስሼዋለሁ» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ከሳሹ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ፍርድ አይደለም፤ ሰውየው አንድ ነገር ሲሆን ማየት ነው። በ19 ሂድ፤ ልቡን እንዲያራራልህ ለምን።

ገንዘብህን መጠየቅ ኃጢአት የለበትም። ዳዊት በመዝሙር 36 ኃጢአተኛ የሚለው ተበድሮ የማይከፍለውን ነው። ቂም ሌላ ነገር ነው። ሱቁ ቢዘጋ ደስ ይልሃል? አዎ ካልክ ለንስሐ አባትህ ንገር። «ገንዘቤን ይመልስልኝ» ማለት ብቻውን ቂም አይባልም።

ጌታ በማቴዎስ 18 «አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል። ስልክ ካላነሳ ሱቁ ሂድ፤ ደንበኛ ፊት ግን አታዋርደው። ዘዳግም 24 አበዳሪው መያዣ ሊወስድ ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ያዛል። ደግሞ ሱቅ ከፈተ ማለት ገንዘብ አለው ማለት አይደለም፤ ዕቃው በዱቤ የመጣ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ከሌለው ጊዜ ስጠው።

እያለው እምቢ ካለ ሽማግሌ ላክ። አንዱ እሱ የሚያፍራቸው ሼህ ይሁኑ። ወሎ እኮ ነው፤ ቄስና ሼህ አብረው ሲሸመግሉ ማን ይገረማል? ቁርዓንም ብድር እንዲጻፍ ስለሚያዝ፣ «በወር ይህን ያህል» ተብሎ ተጽፎ ይፈርም ቢባል አይከፋውም።

ወረቀቱን አትናቀው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ ብድር በሰው ምስክር አይረጋገጥም። ወይ ጽሑፍ፣ ወይ ፍርድ ቤት ፊት የሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ይጠየቃል። እንዲሁ ብትከሰው ነገሩ እሱን ማስማል ላይ ሊደርስ ይችላል። አብሮ አደግህን በ40,000 ብር በሐሰት ወደ መማል አትግፋው።

ለመቁረብ ደግሞ ገንዘቡ እስኪመለስ አትጠብቅ። ንስሐ አባትህን ዛሬውኑ አግኛቸው።