«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» አለኝ፤ ሙያ ልቀይር?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይኼ ነው። ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ ተመራቂ ነሽ። ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ለአይቲ ሥራ ጠርቶ ፈተነሽ። ሁለት የሊኑክስ ማሽን ሰጡሽ፤ አንዱ ላይ የዛቢክስ (ማሽኖችን የሚከታተል ፕሮግራም) ሰርቨር፣ ሌላው ላይ ኤጀንቱ፣ ማለትም የማሽኑን ሁኔታ ለሰርቨሩ የሚነግረው ፕሮግራም። ሰርቨሩ ኤጀንቱን ሲጠራ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ እምቢ ተብሏል) ይላል። ኤጀንቱ ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ላይ የሰርቨሩን አይፒ ደጋግመሽ ቀየርሽ፣ ፋየርዎሉን አጠፋሽ፣ ሰዓቱ አለቀ። አሁን «ሲስተም አድሚን ለኔ አይሆንም፤ ወደ ዌብ ልግባ?» ትያለሽ።

በዚህ ምክንያትማ እንዳትቀይሪ! የጎደለሽ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

እምቢታውም መልስ ነው። በር አንኳኩተሽ ከግቢው «እሱ የለም» እንደተባልሽ ቁጠሪው፤ ቤቱን አልሳትሽም። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይም አውት» ቢል መንገዱን ወይም የተላከውን መረጃ (ፓኬት) ዝም ብሎ የሚጥል ፋየርዎልን ትጠረጥሪ ነበር። ወዲያው እምቢ ሲል ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ፖርት (ፕሮግራም ጥሪ የሚቀበልበት ቁጥር ያለው በር) የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም። አልፎ አልፎ ፋየርዎሉ ራሱ እምቢታውን ይልካል።

ስለዚህ መጀመሪያ ኤጀንቱ ያለበት ማሽን ላይ ግቢ። ኤጀንቱ መነሳቱን በሲስተምሲቲኤል (systemctl) ትእዛዝ አረጋግጪ። ከዚያ በኤስኤስ (ss) ትእዛዝ የኤጀንቱ በሆነው 10050 ፖርት ላይ ማን እንደሚያዳምጥ እዪ። ማንም ከሌለ ሎጉን (ኤጀንቱ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ) ክፈቺ፤ አንዲት የተሳሳተች የኮንፊግ መስመር ኤጀንቱ እንዳይነሳ ታደርጋለች። የሚያዳምጥበት አድራሻ 127.0.0.1 ከሆነ ደግሞ ከራሱ ማሽን ውጭ ማንንም አይሰማም። አንቺ ስትቀያይሪው የነበረው አይፒ ቢሳሳት ኖሮ ግንኙነቱ ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋ ነበር፤ ዛቢክስም ከኤጀንቱ ባዶ መልስ መጣ ይልሽ ነበር። ያ ሌላ ችግር ነው።

ፋየርዎሉን ማጥፋትሽ ግን አሳስቦኛል። የእንግዶች መረጃ ባለበት ቤት ይህን የሚያደርግ ሰው ቀጣሪን ያስፈራል። 10050ን ለሰርቨሩ አይፒ ብቻ መክፈት ይበቃል።

እኛ ከተማ ብዙ ቦታ አይቲ ክፍል ማለት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ፕሪንተሩም ሰርቨሩም በነሱ ትከሻ ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው ሲጨንቀው ያገኘውን ሁሉ የማይነካካ ሰው ነው። ፈተና ላይ የምታስቢውን ጮክ ብለሽ ተናገሪ፦ «ማሽኑ መልሷል፤ አሁን ፖርቱን ልይ።» ሰዓት ቢያልቅብሽ እንኳ የት እንደደረስሽ ያያሉ።

አሁን ላፕቶፕሽ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ጭነሽ ያንኑ ፈተና ድገሚው። ዛቢክስ በነፃ ይወርዳል። ኤጀንቱን አጥፊው፣ የሚያዳምጥበትን አድራሻ ቀይሪው፣ ፋየርዎሉ ላይ 10050ን ዝጊው። እያንዳንዱ ምን ስህተት እንደሚያመጣ በአንድ ገጽ ጻፊና ለፈተኑሽ ሰዎች ከአጭር ኢሜይል ጋር ላኪላቸው። ቦታው ሳይያዝ፣ በዚሁ ሳምንት።