ሄፓታይተስ ሲ የራሳችንን ሴል እንዴት ይጠቀምበታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ወንድሜ ሄፓታይተስ ሲ አለብህ ተባለና ሳነብ የራሳችን ሴል የሚሰራት ማይክሮ አርኤንኤ ቫይረሱን ታግዘዋለች የሚል አየሁ፣ እንዴት ነው የራሳችን ነገር ጠላትን የሚያግዘው?

መልስ፦ እህቴ እግዜር ይማርልሽ። አርኤንኤ የሴልም የዚህ ቫይረስም መመሪያ የሚጻፍበት፣ በኬሚካል ፊደሎች የተሰራ ክር ነው፤ ማይክሮ አርኤንኤ ደግሞ 22 ፊደል አካባቢ ያላት አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ናት፣ ስራዋ ብዙ ጊዜ ሌላ አርኤንኤ ላይ ተለጥፋ ፕሮቲን እንዳይሰራ ማፈን ነው። ጉበት ሴል ውስጥ ግን ሚር-122 የምትባለው በገፍ አለች፣ ይሄ ቫይረስ ደግሞ አርኤንኤው መነሻ ጫፍ ላይ እሷ የምትለጠፍበት ሁለት ቦታ አለው፣ እና ስትለጠፍ በማፈን ፈንታ ጫፉን ከሚበሉት ኢንዛይሞች ትከልልለታለች፣ እሱም እንደልቡ ይባዛል። ይሄ በ2005 እ.ኤ.አ ነው የታወቀው፣ እኔን እስከዛሬ ይገርመኛል! ከዛ ሚራቪርሰን የሚባል ሚር-122ን አንቆ የሚይዝ መድሃኒት ተሰራ፣ በ2013 እ.ኤ.አ በወጣው የ36 በሽተኞች ጥናት መድሃኒቱን የወሰዱት ደም ውስጥ ቫይረሱ ቀንሶ ታይቷል። ወንድምሽ ግን እሱን አይጠብቅም፣ ዛሬ ቫይረሱን ራሱን የሚመቱ እንክብሎች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከ95 ፐርሰንት በላይ ሰው ይድንባቸዋል፣ እባክሽ ቶሎ የጉበት ሀኪም ጋር ውሰጂው።