በፋሲካ ሰሞን ዮጋዬን እንዴት ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ46 ዓመት ሴት ስሆን ለደም ግፊት አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ከዓመት በላይ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ቤት ውስጥ ዮጋ እሠራለሁ፤ እንቅልፌም ጀርባዬም ተሽሎኛል። የሚያስቸግረኝ በዓል ነው። ባለፈው ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጾም ፈታን። ጠዋት «የበላሁትን ላቃጥል» ብዬ ዮጋ ስጀምር ደረቴን አቃጠለኝ፤ ቀና ስል ደግሞ አዞረኝ። ፈርቼ ሳምንቱን ሙሉ ተውኩት። ዘንድሮ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከደረትዎ ልጀምር። ቃጠሎው ሲያጎነብሱ የሚብስ፣ ቀና ሲሉ የሚቀል ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጨጓራ አሲድ ነው። ደረትን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብ ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሕመም ከሆነ ግን የበዓል ቀንም ቢሆን ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ለ55 ቀን ሥጋና ቅቤ ያልቀመሰ ሆድ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ይቀርብለታል። ቅባት ያለው ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። በዚህ ላይ ዳሌ ወደ ላይ፣ ራስ ወደ ታች ሲሆን አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይመለሳል። ማዞሩም ምክንያት አለው፦ ከከባድ ምግብ በኋላ ደም ወደ አንጀት ያደላል፣ መድኃኒትዎ የደም ሥርን ያላላል፣ እርስዎም ካጎነበሱበት በፍጥነት ተነሡ። ስለዚህ ከበዓል ምግብ በኋላ ቢያንስ 3 ሰዓት ይቆዩ፤ ራስን ቁልቁል የሚያደርጉ እንቅስቃሴዎችንም ይተዉ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለባቸው ሰዎችማ ከበዓል ውጭም ቢሆን ሊርቋቸው ይገባል። የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዘመድ ጥየቃ በእግር መሄድ ይበቃዎታል። ለማቃጠልም ቢሆን ፈጣን የእግር ጉዞ ረጋ ካለ ዮጋ ይሻላል።

ብዙዎቻችን የማናስተውለው ነገር አለ። በሰሙነ ሕማማት፣ በተለይ በስቅለት ዕለት፣ ምእመኑ ሲሰግድ ይውላል፤ ጉልበት፣ ወገብና ትከሻ በደንብ ይሠራሉ። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ጾምም ስግደትም የለም። ምግቡ በከበደበት ሰሞን እንቅስቃሴው ይቆማል ማለት ነው። እንግዲህ ዮጋዎ በጣም የሚያስፈልግዎት እርስዎ በተዉት በዚያው ሳምንት ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ቁርስ ሳይቀምሱ 15 ደቂቃ ቢሠሩ፣ ሙሉውን ቪዲዮ ባይጨርሱትም፣ ይጠቅምዎታል።

ቅዳሜ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ለሰዓታት ቆመው ወገብዎ ሲደክም፣ ሁለት እጅዎን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አድርገው ወደኋላ ይራመዱና ጀርባዎ ቀጥ እስኪል ዝቅ ይበሉ። ራስዎ ከልብዎ በታች አይውረድ። አምስት ጊዜ ተንፍሰው ቀስ ብለው ይነሡ። (ድስቱን ለአፍታ ለሌላ ሰው አደራ ይበሉ።)

ማዕድ ላይ ሲቀርቡም ዮጋው አብሮዎት ይምጣ። ከመጀመሪያው ጉርሻ በፊት እስከ 4 እየቆጠሩ አየር ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ይህን ስድስት ጊዜ ይድገሙ። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ልብንም ያረጋጋል። ትንፋሽን በኃይልና በፍጥነት የሚያስወጡበትን ዓይነት ግን ግፊት ላለበት ሰው አልመክርም። «በሞቴ!» ተብሎ ሦስተኛው ጉርሻ ሲመጣ፣ ሆድዎ መጥገቡን አስቀድመው ካዳመጡት «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ለማለት አይቸገሩም። ጎረሱም አልጎረሱ፣ በልተው ወዲያው አይተኙ። መተኛት ግድ ከሆነ ትራስዎን ከፍ አድርገው በግራ ጎንዎ ይተኙ።

«ዛሬ ጠላ ስለምጠጣ ኪኒኔን ልዝለል» የሚሉ ታካሚዎች በየበዓሉ ያጋጥሙኛል። እባክዎ ጠላውን ይቀንሱ እንጂ አምሎዲፒኑን አይዝለሉ፤ ዮጋ ግፊትን በመጠኑ ቢያግዝም መድኃኒቱን አይተካም። ማክሰኞ ጠዋት 5 ደቂቃ ዐርፈው ተቀምጠው ግፊትዎን ይለኩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ደግመው ይለኩና ካልወረደ ሐኪምዎ ዘንድ ይቅረቡ። ከ180/120 በላይ ሆኖ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የደረት ሕመም ካለ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።